ደሴን የቀመስኩበት ወይን ጠጅ

አሰብ ወደብ ጸሐፊ ሆኜ ሦስት ዓመት በሙቀት ተቀቀልኩ፤ ደሴ አዛውሩኝ እያልኩ ማመልከቻ መጻፍ ሥራዬ ሆነ።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጡ ሹም፣ ከመርከብ የወረደ ወይን ጠጅ አስከፍተው «እስቲ ቅመስና ንገረኝ» አሉኝ። ወይን ጠጅ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ማመልከቻዬ ግን እፊታቸው ነበርና አፌ ያመጣልኝን ለፈለፍኩ።

«ቀዩ፣ ጌታዬ፣ ጌሾ እንደበዛበት የከረመ ጠጅ ምላስ ይይዛል። ነጩ ደግሞ ዝናብ ባባራበት ጠዋት የተቆረጠ ሎሚ ነው» ስል የደሴ ዝናብ ትዝ ብሎኝ እንባዬ መጣ።

ሹሙም ተጎነጩና በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ብዕራቸውንም አነሱ። ማመልከቻዬ ላይ የጻፉትን አነበብኩ፦

«ከወደቡ እንዳይነሳ። የሚመጣውን ወይን ጠጅ ሁሉ እሱ ይቅመስ።»