ራሴን ባዘነበልሁ ቁጥር

የጀመረኝ ጠዋት፣ ገና ከአልጋ ሳልነሣ ነው። ወደ ቀኝ ጎኔ ስገላበጥ ጣሪያው ዞረ። ዓይኔን ጨፈንሁ። ያም ሆኖ ዞረ። ጥቂት ቆይቶ ተወኝ፤ ከዚያ አስመለሰኝ።

ጎንደር ከተማ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርሁ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለ ነበር ጾሙ ያደከመኝ መሰለኝና ለማንም አልተናገርሁም። የስቅለት ዕለት ግን ሰግጄ ቀና ስል በሕዝብ መካከል ወደቅሁ። ታላቅ ወንድሜ አያ ታፈረ ወሬውን ሰምቶ መጣና ወደ አገራችን ወደ ዳባት ወሰደኝ። ፋሲካ እንዳለፈ ጠበል ጀመርሁ። የዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ፈተና ነበረብኝ፤ ካልተፈተንሁ ዓመቱን እደግማለሁ።

አጥማቂው አባ ራሴን ወደ ኋላ አዘንብለው ውኃውን ሲያፈሱብኝ መሬቱ ተገለበጠ። ጮህሁ።

«ያዙት! ሊለቅ ነው!» አሉ ሰዎቹ። አያ ታፈረ ሁለት እጄን ጠፍሮ ያዘኝ።

«ስምህን ተናገር!» አሉ አባ።

«ተሰማ ነኝ።»

«እሱማ የልጁ ስም ነው፤ ያንተን ንገረን!»

ሌላ ስም አልነበረኝም። በማግሥቱም እንዲሁ። በሠልስቱም። በመጨረሻ ጋኔን እንዳለብኝ እኔም አመንሁ፤ ከዚህ የከፋ ቀን አላየሁም።

ቅዳሜ ሰው ስለ በዛ ቀጥ ብዬ እንደ ቆምሁ ተጠመቅሁ። ምንም አልሆንሁም። ነጠላዬን ላነሣ ጎንበስ ስል ግን ወደቅሁ። አጥማቂው አባ አይተው ኖሮ፣ «ምነው፣ ጠበሉ ሲነካው ዝም ብሎ ጎንበስ ሲል ወደቀ? ታፈረ፣ ይህን ልጅ ሐኪም ይየው» አሉ።

ሰኞ በጭነት ማኪና ጎንደር ወረድን። ሐኪሙ አልጋ ላይ አስቀምጦ አንገቴን ወደ ቀኝ አዞረና በፍጥነት አጋደመኝ። ዞረብኝ። እሱ ዓይኖቼን ትኩር ብሎ ያይ ነበር።

«ዓይንህ ይርገበገባል፤ ኒስታግመስ ነው። የታወከው የውስጥ ጆሮህ ነው። በሽታው ፖዚሽናል ቨርቲጎ ይባላል፤ ራስ ሲያዘነብል የሚነሣ ማዞር ነው።»

«ዛሬ ፈተና አለብኝ» አልሁት።

«ወረቀቱ ላይ ስታጎነብስ ይነሣብሃል። የምሰጥህ እንክብል ማስመለሱን ያስታግሣል እንጂ ማዞሩን አያቆምም። ልምምድና ጊዜ ይፈልጋል።»

ፈተናው አመለጠኝ። ቤት ስንደርስ አያ ታፈረ፣ «እጅህን አሳምሜህ ይሆን?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ ተቀምጬ ራሴን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ መጀመሪያ በዝግታ ኋላም ፈጠን እያደረግሁ ማንቀሳቀስ ያዝሁ፤ ማዞሩም ቀን በቀን እየቀለለ ሄዶ ክረምቱ ሲገባ ወደ ቀኝ ተገላብጬ መተኛት ቻልሁ። ዛሬም ያንኑ የመጀመሪያ ዓመት እየተማርሁ ነው።

አባን፣ ሐኪሙንና ወንድሜን አመሰግናለሁ። እንደኔ የታመማችሁ፣ ከአልጋ ስትነሡ መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ጥቂት ተቀመጡ፤ ዛፍም መሰላልም አትውጡ። አንደበት ከተሳሰረ ወይም እጅ እግር ከዛለ ግን ይህ ሌላ ሕመም ነውና ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ሂዱ። እኔን አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣብኛል። ሲመጣ ምንም ማድረግ ስለማልችል እስኪተወኝ እቆጥራለሁ። እስካሁን አርባ ደርሼ አላውቅም።