ሳይበራ የተገዛ ቴሌቪዥን

አግዳሚ ወንበሩን ያሠራሁት ቴሌቪዥኑን ከመግዛቴ በፊት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም አፍራለሁ። ስድስት ሰው የሚያስቀምጥ እንዲሆን ስነግረው አናጢው ከመላጊያው ቀና ብሎ፣ «መምህር፣ ቤተሰብ ሊመጣልዎት ነው እንዴ?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። ማንም አይመጣም ነበር። ባለቤቴ ልጃችንን ይዛ ክረምቱን ናዝሬት እናቷ ዘንድ ላሳልፍ ብላ ከወጣች ሁለተኛው ክረምት አልፏል። መጀመሪያ ትጽፍልኝ ነበር። ከዚያ ልጁ የሣለው ሥዕል ብቻ በፖስታ ይመጣ ጀመር። በኋላ እሱም ቀረ።

ዘመኑ የደርግ ነው። አሰላ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። እዚያው ክፍለ ሀገር፣ አርቦዬ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ስለሆንኩ ለአካባቢው ባዳ አልነበርኩም፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል እናገራለሁ። የሚያናግረኝ ነው የጠፋው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ክፍል ውስጥ ስለፈልፍ እውላለሁ። ዓርብ የመጨረሻው ደወል ከተደወለ በኋላ ግን እስከ ሰኞ ጠዋት አፌን የምከፍተው ለእህል ብቻ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ቅዳሜ የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ እዚያ የሚፈለገው ግን እጅ እንጂ አፍ አይደለም። አውጡ ሲባል አወጣለሁ፣ አውርዱ ሲባል አወርዳለሁ፣ ከዚያ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። የጭላሎ ተራራ ብርድ ማታ ማታ ሲወርድ ሁሉም በሩን ይዘጋል። እኔም እዘጋለሁ።

ቀበሌው አዳራሽ አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ነበረች። ሰው ከነልጁ፣ ከነጋቢው እየመጣ ጢም ብሎ ያያታል። እኔም ጥቂት ጊዜ ሄጄ ነበር። ስገባ ተማሪዎቼ ጸጥ ይላሉ፣ አባቶቻቸው ብድግ ብለው ቦታ ይለቁልኛል፣ ከዚያ ግራና ቀኜ ባዶ ሆኖ ይቀራል። መምህር መከበር ያለበት ሰው ነው፤ የሚከበር ሰው ደግሞ አጠገቡ አይቀመጡም። ሁለተኛ አልሄድም ብዬ ማልኩ።

በዚያን ጊዜ የግል ቴሌቪዥን ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ያለው ሰው ቤት ግን ጎረቤቱ ሁሉ እንደ ራሱ ቤት ዘው ብሎ ይገባል። አንድ ማታ በእንዲህ ዓይነት ቤት ደጃፍ ሳልፍ በሩ ላይ የተከመረ ጭቃማ ጫማ አየሁ። የልጅ ላስቲክ፣ የሴት ነጠላ ጫማ፣ አንድ ትልቅ ቦቲ። ቆሜ ጫማ ሳይ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም። ቤቴ ምን እንደጎደለው ያኔ ገባኝ፤ እንዲህ ያለ የጫማ ክምር። ቴሌቪዥን ከገዛሁ ሰው ይመጣል። በዚህ ሐሳብ ነው አናጢው ዘንድ የሄድኩት።

ወንበሩ በተሠራ በወሩ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ታችኛው ሠፈር ያሉ አንዲት እናት ትልቅ ቴሌቪዥን በርካሽ ሊሸጡ ነው የሚል ወሬ ይዞ መጣ። አንድ ልጃቸው ውጭ አገር፣ ከወዳጅ የሶሻሊስት አገሮች በአንዱ፣ ተምሮ ሲመለስ ይዞት የመጣ ዕቃ ነው። ልጁ ዓመት እንኳ ሳይቆይ ወደ ሰሜን ዘመተ። መርዶው የመጣው በቅርቡ ነበር።

በማግሥቱ ከትምህርት በኋላ ሄድኩ። የሰሌዳ ማስመሪያዬን ካፖርቴ ውስጥ ደብቄ ነበር፤ ሒሳብ አስተማሪ ዕቃ ሳይለካ አይገዛም። ሴትየዋ በሐዘን ጥቁር ሻሽ አስረው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ በነጭ አቡጀዲ ተሸፍኖ ቆሟል።

«ኮቱ፣ ግባ ልጄ» አሉኝ።

አቡጀዲውን ገለጥ አደረጉልኝ። እውነትም ግዙፍ ነው፤ የእንጨት ሣጥኑ የልጅ አልጋ ያክላል። ሴትየዋ ውሃ ሊያመጡልኝ ወጣ ሲሉ ማስመሪያውን አውጥቼ የቴሌቪዥኑን መስኮት ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ለካሁ። የቀበሌውን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ከአግዳሚው ጫፍ ሆኖ እንኳ የሰው ዓይን ሽፋሽፍት ይታያል። ጀርባውን አሸተትኩ፤ የተቃጠለ ነገር አይሸትም። ገመዱ አልተላጠም። ቁልፎቹን አዟዟርኳቸው፤ ቀጭ ቀጭ ይላሉ። አንድ የቀረ ነገር ቢኖር ማብራት ነው።

«በደንብ ይሠራል?» አልኳቸው ሲመለሱ።

«ምንም አልሆነም። ልጄ እስኪሄድ በየቀኑ አብረን እናይ ነበር።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ በርካሽ?»

«ከፊቴ እንዲነሣልኝ ብዬ ነው» አሉ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ራዲዮ የሚጠግን አንድ ሰው ነበር። ምክር ጠየቅኩት። «መምህር፣ አብርተው ይዩ» አለኝ። «ሣጥኑ ምንም ቢያምር ሳይበራ እንዳይገዙ። ከሩቅ አገር የመጣ ዕቃ አመሉ አይታወቅም።»

ልክ ነው። ግን ሐዘን ቤት ነው። እኛ አገር ጎረቤት ሐዘን ሲገባ እንኳ ሰው ራዲዮውን ይዘጋል፤ ሠርግ ያለበት ሠርጉን ያስተላልፋል። መርዶ ከገባ ወር ባልሞላው ቤት ገብቼ የሟቹን ቴሌቪዥን እስቲ ያብሩልኝ ልል? ጣቢያው ሥራ የሚጀምረው ደግሞ አመሻሽ ላይ ነው፤ ልክ ለቀስተኛው በሚሰበሰብበት ሰዓት። እንደምንም ራሴን አደፋፍሬ ሄድኩ። አረጋውያኑ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ዱዓ ያደርጋሉ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው «አላህ ሰብሩን ይስጥዎት» ነው። «አሚን» አሉኝ። ከጎናቸው ተቀምጬ አብሬ አምሽቼ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ብቻቸውን አገኘኋቸው። ዓይኔ ወደ ጥጉ ሲመላለስ አይተው፣ «ላብራልህ?» አሉኝ ራሳቸው። ተነሥተው አቡጀዲውን ያዙ። ሊገልጡት ሲሉ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ኧረ አያስፈልግም!» አልኩ። «አያስፈልግም እማማ፣ አምኜዎታለሁ።»

ይሉኝታ የሚባለው ነገር ስንት ቤት እንዳፈረሰ የሚጽፍ ሰው ቢኖር የእኔንም ያስገባልኝ። በጋሪ አስጭኜ፣ በጋቢዬ ጠቅልዬ ወሰድኩት።

እሁድ ማታ ጎረቤቶቼን ጠራሁ። የባሕር ዛፍ አጣና ላይ አንቴናውን አሥሬ ቆርቆሮው ላይ አቆምኩ። መጡ! በሩ ላይ ጫማው ሲከመር አየሁት። አግዳሚው ሞልቶ ልጆች መሬት ላይ ተደረደሩ። ማብሪያውን ስጫነው መስኮቱ ቀስ እያለ ነጣ፣ ከዚያ ዜና አንባቢው ከነክራቫቱ ብቅ አለ። ጥርት ያለ ነው። ቤቱ በ«ኧረ!» ተሞላ። ደስታዬን የት ላድርገው?

«ድምፁን ይጨምሩልን መምህር» አለ አንዱ።

ጨመርኩ። እሽሽሽ የሚል ብቻ ነው። ቀነስኩ፣ ጨመርኩ፣ ሌላውን ቁልፍ አዞርኩ። ሰውየው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። የሠፈሩ ተረበኛ፣ «ዲዳ ነው እንዴ የገዙት?» ሲል ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ትልልቆቹ ግን አልሳቁም፤ ያዘኑልኝ ይመስል ትንሽ ተቀመጡና ልጅ ልናስተኛ ነው፣ ነገ ሥራ አለ እያሉ አንድ በአንድ ወጡ። ሰኞ ሦስት ሰው መጣ። ማክሰኞ ማንም አልመጣም። የቀበሌዋ ትንሽ ቴሌቪዥን ድምፅና የሰው ሳቅ በአጥሩ በኩል ይሰማኝ ነበር። እኔ ስድስት ሰው በሚያስቀምጠው ወንበር መሐል ተቀምጬ የሰው አፍ አያለሁ።

ጠጋኙ መጥቶ ከፍቶ አየው። ዕቃው አልተበላሸም። በተሠራበት አገር ድምፅ የሚላክበት መንገድ ከእኛው የተለየ ነው፤ ሥዕሉን ይቀበላል፣ ድምፁን አይቀበልም። የሚቀየረው ዕቃ አሰላ አይገኝም፣ አዲስ አበባም መኖሩን አያውቅም። «መምህር፣ እኔ ሳይበራ...» ብሎ ጀመረ፤ ፊቴን ሲያይ ተወው።

ያኔ ነው ንዴቱ የመጣብኝ። ይህ ነገር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዲዳ ነበር ማለት ነው። በየቀኑ እናይ ነበር አላሉኝም? ምንም አልሆነም አላሉኝም? እኔ ሐዘናቸውን ባከበርኩ እሳቸው አታለሉኝ! ንዴቴን አምቄ፣ ለሐዘኑ ስል ሁለት ወር ታገሥኩ፤ ከዚያ አንድ እሁድ አመሻሽ ላይ ሄጄ፣ ዕቃውን ወስደው ገንዘቤን እንዲመልሱልኝ ነገርኳቸው።

ምን ሆነ አሉኝ። ድምፅ የለውም አልኳቸው። አልገባቸውም፤ ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። «እኔ ቤት ደኅና ነበር» አሉ። ስማቸው በክፉ መነሣቱ ነው የከበዳቸው። «ተነሥ፣ ራሴ ልየው።» ከዘራቸውን ይዘው ዳገቱን ከፊቴ ከፊቴ ወጡት።

በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። አግዳሚው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። አበራሁት። ለረጅም ጊዜ ያላዩት ሰው እንደሚታይ መስኮቱን ትክ ብለው አዩት። ያው ዜና አንባቢ ብቅ አለ።

«ይኸው» አሉኝ፤ «ምን ሆነ?»

«አይናገርም እማማ! አፉ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ድምፅ የለም።»

«የሚናገረውማ ራዲዮ ነው» አሉ። «ይሄ የሚያሳየው ነው። ልጄ ነበር የሚነግረኝ።»

«ምን ብሎ?»

መልስ ከመስጠታቸው በፊት በዓይናቸው ዜና አንባቢውን አመለከቱኝ። «ይሄ ሰውዬ በሬው ጠፍቶበታል። ዴራ ገበያ ላይ ነው የጠፋበት። በየማታው እየመጣ የት የት እንደፈለገ ይናገራል። አንድ ቀን ዴራ ነው፣ አንድ ቀን ኦጎልቾ፤ ያቺ ቀጥላ የምትወጣው ሴትዮ ሚስቱ ናት፣ እሷ ደግሞ ትቆጣዋለች።» ፈገግ አሉ፤ ሲስቁ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። «ሞኝ መሰልኩህ? እየፈጠረ እንደሆነ አውቃለሁ። ሳቄን እንዲያይ ብሎ ነው።»

ልጁ ቴሌቪዥኑ ድምፅ እንደሌለው ያውቅ ነበር። ለእናቱ አልነገራቸውም፤ ራሱ ድምፅ ሆነላቸው። ገንዘቤን ይመልሱልኝ የሚለውን ነገር ተውኩት። ማጥፋቱም አላስቻለኝ፤ ከእሳቸው ራቅ ብዬ አግዳሚው ሌላ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። መሐላችን አራት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ባዶ ነበር።

ሴትየዋ ከመስኮቱ ዓይናቸውን ሳያነሡ ቆዩ። ሰውየው ያነባል፣ ወረቀት ይገልጣል፣ ያነባል።

«ልጄ ሲሄድ በሬው አልተገኘም ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ዱበዹ እንጂ፣ ተናገር። ምን ይላል?»

ሰውየውን አየሁት። አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«ተገኝቷል ይላል» አልኳቸው በኦሮምኛ። ድምፄ ሻክሮ ወጣ፤ ቴሌቪዥኑ እዚህ ቤት ከገባ ወዲህ የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ነበር።