አጎቴ ስለ ሥላሴ የጠየቀኝ

እናቴ የሞተች ዕለት አጎቴ ከጀውሃ መጥተው ድንኳኑ በር ላይ ቆሙ። ታላቅ ወንድሟ ናቸው። አባቴን አቅፈው «አላህ ያጥናህ» አሉት። እኔንና ታናሽ ወንድሜን «አላህ ያጥናችሁ» አሉን። ከዚያ ጥግ ይዘው ተቀመጡና ፊታቸውን በሻርፓቸው ሸፍነው አለቀሱ። ከለቀስተኛው ሁሉ ብዙ ያለቀሱት እሳቸው ነበሩ። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን እንደ አገሩ ልማድ «አላህ ይማራት» እያሉ ይገቡና ይወጡ ነበር። አጎቴ ግን ይህቺን ቃል አላሉም። እስኪሄዱ ድረስ ጠበቅሁ፤ አላሉም። ለእኛ ለቀረነው ለመኑልን፤ ለሞተችው ግን ምንም አልለመኑም።

ነገሩ ለምን እንደከነከነኝ ለማስረዳት ስለ ሁለቱ ጥቂት መናገር አለብኝ። እናቴ የተወለደችው ከሙስሊም ቤተሰብ ነው፤ አባቴን ስታገባ ተጠመቀች። ከዘመዶቿ ብዙዎቹ በዚያው እግራቸውን ሰበሰቡ። ያልቀሩት እኚህ ወንድሟ ብቻ ናቸው። ሸዋ ሮቢት ለገበያ በመጡ ቁጥር በራችን ላይ ከባጃጅ ወርደው፣ ከእርሻቸው የመጣ ሽንኩርት በፌስታል አንጠልጥለው ይገባሉ። «ለሽሮሽ» ይሏታል።

የምታቀርብላቸው ሁልጊዜ ሽሮ ነበር። እሳቸው የክርስቲያን እርድ አይበሉም፤ እሷ የእስላም እርድ አትበላም። ለየብቻ መሥራት ይቻል ነበር፤ ሌሎች ቤቶች እንደዚያ ያደርጋሉ። እሷ ግን ከወንድሟ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት ትፈልግ ስለነበር፣ እሳቸው ከመጡ ዓመት በዓልም ቢሆን ቤታችን ሽሮ ነው። አንድ ፋሲካ አባቴ «ሁለት ወር ሙሉ ጾሜ ደግሞ ሽሮ?» ብሎ አጉረመረመ። «አንተ ነገም እዚሁ ነህ፤ ዶሮህ አይሄድብህም። ወንድሜ ነገ ይሄዳል» አለችው። አባቴ ሳቀና እጁን ታጠበ።

ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የሥላሴ ሥዕል አለ። ሦስት ባለ ነጭ ጢም አረጋውያን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ መልካቸው፣ ልብሳቸው፣ የእጃቸው አያያዝ ሳይቀር አንድ ዓይነት ነው። አጎቴ ሁልጊዜ ለሥዕሉ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጡ ነበር። ወንበሩን አዙራ የምታስቀምጥላቸው እናቴ ራሷ ናት። ስለዚህ ነገር ሁለቱ ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም።

የታመመችው ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልቅ ከደጋው ስወርድ፣ ጣርማ በር ላይ ጉም ነበር፤ ጃኬቴን እስከ አንገቴ ዘግቼ ነበር የተቀመጥኩት። ሸዋ ሮቢት ስደርስ ጃኬቱን በክንዴ ይዤ፣ ላቤን እየጠረግሁ ቤት ገባሁ። እናቴ ከአልጋ አልተነሳችም። ዕረፍቱን ሁሉ አጠገቧ ሆኜ አስታመምኳት። ሳልመለስ አረፈች።

ለአርባዋ ፈቃድ ጠይቄ መጣሁ። ቅዳሴው አልቆ፣ የመጣው ሰው በልቶ ከተሸኘ በኋላ አጎቴ ግቢያችን ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጠሩኝ። ዩኒቨርሲቲ ምን እንደምማር ጠየቁኝ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከሁሉም ነገር ትንሽ ትንሽ እንደሚቀምስ ነገርኳቸውና ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ጂኦግራፊ፣ ሎጂክ እያልኩ ቆጠርኩላቸው። ሎጂክ ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ አንድ ነገር ከሌላው ጋር ይስማማ ወይም ይጋጭ እንደሆነ የሚለዩበት ትምህርት ነው አልኳቸው። ትንሽ ሳልኮራ አልቀረሁም።

አጎቴ መሬት መሬቱን አዩ።

«እንግዲያው አንድ ነገር ለዪልኝ» አሉኝ። «እህቴ ታመልክ የነበረው አንድ ነው ወይስ ሦስት?»

ከዚያ ለምን እንደጠየቁኝ ቀስ ብለው አስረዱኝ። ከሞተች ወዲህ ከሶላት በኋላ እጃቸውን ለዱዓ ሲያነሱ ስሟ አፋቸው ላይ ይደርስና ይውጡታል። የመንደራቸውን ሼህ ጠይቀዋል። በአላህ ላይ ሌላ አጋርቶ ለሞተ ሰው ማልቀስ ይቻላል፣ ምሕረት መለመን ግን አይቻልም ብለዋቸዋል። በሼሁ አልተቀየሙም፤ «የሚያውቀውን ነው የነገረኝ» አሉ። ጎረቤቶቹ እንደ ልማድ የሚሉትን እሳቸውም ማለት ይችሉ እንደነበር፣ ነገር ግን ለእህታቸው በልማድ መለመን እንዳልፈለጉ ነገሩኝ።

«እኔ ግድግዳው ላይ የማየው ሦስት ሽማግሌ ነው» አሉ። «አንድ ነው ካልሽኝና ልቤ ከተቀበለው ዛሬውኑ እለምንላታለሁ። ግን እኔን ደስ ይበለው ብለሽ እንዳትዋሺኝ።»

ወደ ዩኒቨርሲቲ ሳልመለስ ጀውሃ መጥቼ እንደምነግራቸው ቃል ገባሁ። በሕይወቴ አንድ ሐሳብ ትክክል ሆኖ እንዲገኝ የዚያን ያህል ተመኝቼ አላውቅም።

በማግስቱ የእናቴን የንስሐ አባት ቤተ ክርስቲያን ግቢ አግኝቼ ጠየቅኋቸው። ሰንበት ትምህርት ቤት የተማርኩትን ደገሙልኝ፤ ሥላሴ በስም፣ በአካል፣ በግብር ሦስት ናቸው፤ በባሕርይ፣ በመለኮት፣ በህልውና አንድ ናቸው። ፀሐይንም መሰሉልኝ፤ ክበብ አላት፣ ብርሃን አላት፣ ሙቀት አላት፣ ፀሐይ ግን አንዲት ናት። ሙቀቱ ብቻውን ሙሉ ፀሐይ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ቄሱ ፈገግ አሉ። «ምሳሌ እንደ ባጃጅ ነው፤ በር ድረስ ያደርስሻል እንጂ ቤት አይገባም» አሉኝ። አንዱ አካል ሦስት አካል ነው ብንል ከራሳችን ጋር በተጋጨን ነበር፣ አንዱ ባሕርይ ሦስት ባሕርይ ነው ብንልም እንዲሁ፤ አንድ የምንልበትና ሦስት የምንልበት ግን የተለያየ ነው አሉ።

ይህ ትንሽ አበረታኝ። ሎጂክ ላይ እንደተማርነው ተቃርኖ የሚባለው አንዱን ነገር በዚያው በአንድ ረገድ ነውም አይደለምም ሲሉት ነው። ቄሱ ያሉት እንደዚያ አይደለም። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን ሌላ ነገር ያዘኝ። አባቴ ሰው ነው፤ ወንድሜም ሰው ነው፤ አባቴ ወንድሜ አይደለም። ስለዚህ ሁለት ሰው አለ። አብ አምላክ ከሆነ፣ ወልድም አምላክ ከሆነ፣ አብም ወልድ ካልሆነ፣ ለምን ሁለት አምላክ አልልም? ተመልሼ ሄጄ ቄሱን ጠየቅሁ። ሰው እያንዳንዱ የየራሱ ፈቃድ፣ የየራሱ ጉልበት ስላለው ይቆጠራል፤ የሥላሴ ፈቃድ አንድ ነው፣ ኃይላቸውም አንድ ነው፣ አይከፈልም አሉኝ። መልስ መሆኑ ገባኝ። መልሱ ራሱ ግን አልታየኝም፤ ሦስት ሆኖ በምንም የማይከፈል ነገር አስቤ ማግኘት አቃተኝ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የሎጂክ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ይህንኑ መምህራችንን ጠይቆት ነበር። መምህሩ ወደ መስኮቱ አየና «ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም» አለ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብረን ሳቅን።

ጀውሃ ስደርስ ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር፤ ከባድ መኪኖች ምግብ ቤቶቹ ፊት ተደርድረዋል። አጎቴ ከመንገዱ ጀርባ ባለው የሽንኩርት ማሳቸው ውስጥ፣ በአካፋ ውኃ ከመደብ ወደ መደብ እያዞሩ ነበር። ሲያዩኝ እጃቸውን ታጥበው ከአንዲት ግራር ጥላ ሥር አስቀመጡኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ፀሐይዋ ላይ ስደርስ በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ምሳሌው እንደማይበቃ፣ ቄሱም ራሳቸው ይህንኑ እንዳሉ ስነግራቸው ሊያግዙኝ ጀመሩ። ወንዙ አንድ፣ ቦዩ ሦስት፣ ውኃው ያው አንድ ውኃ ነው በዪኛ አሉኝ። አይሆንም አልኳቸው፤ እያንዳንዱ ቦይ የያዘው የውኃውን ከፊል ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ግን እያንዳንዱ ሙሉ አምላክ ነው ትላለች። ሦስት ጉልቻ አንድ ምድጃ ነው አሉ። አንዱ ጉልቻ ብቻውን ምድጃ አይሆንም አልኩ። ትንሽ አሰቡና፣ አንድ ሰው ለልጁ አባት፣ ለሚስቱ ባል፣ ለእህቱ ወንድም ነው፤ ሰውዬው ግን አንድ ነው አሉ። «ለእህቱ» ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ። እሱንም ጥንት ያስተማረ ሰው ተወግዟል፤ አንዱን በሦስት ስም መጥራት ነው እንጂ ሦስት አካል አይደለም ብለውታል አባቶች አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ በር በከፈትኩ ቁጥር አንቺ ትዘጊብኛለሽ» አሉኝ። «ከሁለታችን ክርስቲያኑ ማነው?»

ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ ቶሎ አለቀ።

«አጎቴ፣ እርስ በርሱ ይጋጫል ማለት አልችልም» አልኳቸው። «እንዴት እንደሚሆን ግን አልገባኝም። አላውቅም።»

 ውኃው አንዱን መደብ ሞልቶ ወደ መንገዱ ይፈስስ ነበር፤ አጎቴ ግን ሊዘጉት አልተነሱም። ቆይቶ ፊታቸው ተፈታ።

«አንቺ ተምረሽ ካላወቅሽ እህቴ ከየት አምጥታ ታውቃለች?» አሉ። «ያላወቀ ሰው ባላወቀው አይያዝም። አታውቅም ነበር ብዬ እለምንላታለሁ።»

እጆቻቸውን ማንሳት ጀመሩ። ዝም ብል ነገሩ ያልቅ ነበር፤ የመጣሁትም ለዚህ ነበር። ግን የእናቴ እጅ ትዝ አለኝ።

በመጨረሻዎቹ ቀናት ክንዷን ማንሳት አልቻለችም ነበር። ስታማትብ እጇን ይዤ ወደ ግንባሯ፣ ወደ ደረቷ፣ ወደ ግራ ትከሻዋ፣ ወደ ቀኝ ትከሻዋ የማደርስላት እኔ ነበርኩ። እሷ በሹክሹክታ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ትላለች። አንድ ቀን የጨረሰች መስሎኝ እጇን አልጋው ላይ መልሼ አሳረፍኩት። ጣቴን ጨበጠችኝ። «አላለቀም» አለችኝ። ትንፋሽ እስክታገኝ ጠበቅኋት። ከዚያ «አሐዱ አምላክ» አለች።

ይህን ለአጎቴ ነገርኳቸው። ግእዙን አንድ አምላክ ማለት ነው ብዬ ፈታሁላቸው።

«እንዴት እንደሆነ ላታውቅ ትችላለች» አልኩ። «አንድ መሆኑን ግን ታውቅ ነበር፤ ሦስቱን ጠርታ አንድ ሳትል አታቆምም ነበር። አጎቴ፣ አታውቅም ብለው ከለመኑ የሚለምኑት ለሌላ ሴት ነው።»

የተነሱት እጆች ደረታቸው አጠገብ ቆሙ። ከዚያ ጉልበታቸው ላይ ወረዱ።  ያን ያህል መንገድ የመጣሁት እነዚያን እጆች ላስነሳ ነበር፤ ያወረድኳቸው ደግሞ እኔው ነኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ፈለግሁ፤ የምጠይቅበትን ግን አላገኘሁም፤ ያልኩት ሁሉ እውነት ነበር።

አጎቴ ተነስተው በአካፋቸው አፈር ቆርጠው የሚፈስሰውን ውኃ ዘጉ። ጀርባቸውን እንደሰጡኝ ተናገሩ።

«ያልሽውን ልቤ አልተቀበለውም። አንቺንም ዋሸሽ አልልም። እንግዲህ እኔ አታውቅም ነበር ብዬ ልለምን፤ አንቺ ታውቅ ነበር ብለሽ ለምኚ። የተሳሳተውን እሱ ያርመው።»

ሁለት የሚቃረኑ ነገሮች አንድ ላይ እውነት ሊሆኑ እንደማይችሉ ተምሬያለሁ። ያን ሰዓት ግን አልተናገርኩም። እሷ ታውቅ ነበር ካልኩ ወንድሟ የሚለምኑት እሷ ላልሆነች ሴት ነው፤ አታውቅም ካልኩ ደግሞ በትንፋሿ መጨረሻ ያለችው ቃል ባዶ ይሆናል። ከሁለቱ የትኛው ሐሰት እንዲሆን እንደምመኝ አላውቅም ነበር፤ ዛሬም አላውቅም።

ሚኒባስ ሳያመልጠኝ ልሂድ ብዬ ተነሳሁ። አጎቴ እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። የሸዋ ሮቢት መኪና መጥቶ ሲቆም፣ በእጃቸው ይዘውት የነበረውን ፌስታል አቀበሉኝ። አፈሩ ገና ያልደረቀ ሽንኩርት ነበር።

«ለሽሮዋ» አሉኝ።

ሁለታችንም አላረምነውም።