የቀይ ቀበሮዋ ጉድጓድ

በምኖርበት በሰው አገር፣ የተቃጠለ በርበሬ ሽታ ከጎረቤት ወጥ ቤት በመስኮት ሲገባብኝ፣ ከሳሉ በፊት ቁጣው ይመጣብኛል።

ቤታችን ከደባርቅ በላይ፣ የጓሳ ሣሩ ከሚጀምርበት ደጋ ላይ ነበር። ታናሽ እህቴ ለምለም በኩፍኝ ተይዛ ስትዳከም እናቴ ለጥር ማርያም ነጭ ግልገል ተስላ ነበርና፣ እህቴ ስትድን ግልገሉን የማሳደጉ ነገር ለእኔ ተሰጠ። የስለት በግ በእኛ ዘንድ አይታሰርም፤ «ጠባቂው እመቤቴ ናት» ይባል ነበር። በጥቅምት አንድ ቀን ይህንኑ አምኜ፣ ብቻውን ትቼው ውሃ ልቀዳ ወርጄ ስመለስ፣ ጓሳው ውስጥ ደም የነካው ጠጉር ብቻ አገኘሁ። ስለቱ ካልገባ የእህቴ በሽታ ይመለሳል ብዬ እየፈራሁ ጠጉሩን ስለቅም፣ ጎረቤታችን አያ ታከለ ወደ ገደሉ ጠቆመኝ።

«ቀይ ቀበሮ ናት። በዓይኔ በብረቱ አየኋት!»

ኅዳርን ሙሉ ጅብራ ከሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ሥር ተደብቄ ስሰልላት ከረምኩ። ጠዋት ጠዋት ብቻዋን ወጥታ፣ ሆዷን ከሣሩ አጣብቃ፣ አይጥ ጉድጓድ አፍ ላይ እንደ ቆራቢ ዝም ብላ ትጠብቅ ነበር፤ ሲመሻሽ ወገኖቿ ተሰብስበው ይላላሱ፣ ለቡችሎቿም በሆዳቸው ያመጡትን ይተፉላቸው ነበር። በግ ስትነካ አንድም ቀን አላየሁም። ይህንኑ ብናገር አያ ታከለ ሳቀብኝ።

«አንቺ ሞኝ! ሌባ በምስክር ፊት ይሰርቃል እንዴ?»

ጥላቻዬን የሚያስጥለኝን ነገር መስማት ስላልፈለግሁ፣ ደስ እያለኝ አመንኩት።

በታኅሣሥ አባቴንና እሱን መርቼ ወሰድኳቸው። እሳት አንድደው፣ በርበሬ ነስንሰው፣ የጉድጓዱን አፍ በድንጋይ ዘጉት፤ የመጨረሻውን ድንጋይ ያቀበልኩ እኔ ነኝ። ከውስጥ የሚሰማው ጩኸት እስኪያልቅ ድረስ «እሰይ!» እል ነበር።

በጥር፣ ማርያም ሦስት ቀን ሲቀራት፣ አባቴ የተካውን ግልገል የአያ ታከለ ውሻ አንቆ ሲጎትተው ደረስኩ። አያ ታከለ ከአጥሩ ወጥቶ፣ ሳይደነግጥ፣ እንደለመደው ሁሉ የውሻውን አፍ በጋቢው ጫፍ ጠረገለት።

«ምንም አላየሽም። ሰማሽ፣ ልጄ?»

ለአባቴ ነገርኩት። አያ ታከለ የክርስትና አባቱ ነበርና፣ መሬት መሬት እያየ «ለእግዜር ስጪው» አለኝ። እናቴ በዓመቱ ስለቷን አገባች፣ እህቴም ዳግመኛ አልታመመች። በዚያ ገደል ግን ከዚያ ወዲህ ቀበሮ አልታየም፤ ገብሳችንንም አይጥ ፈጀው።

ስላቀበልኩት ድንጋይ ንስሐ ገብቻለሁ፣ ሰግጃለሁም። አያ ታከለን ግን የንስሐ አባቴ ይቅር በዪው ቢሉኝም አልሆነልኝም። ልጅ ሳለሁ በቀሌ የሚሮጥና የሚጮህ ነበር፤ ዛሬ ድምፅ የለውም። ጠዋት ለጸሎት ቆሜ የሰፈራችንን ሙታን በየስማቸው ሳስብ፣ አያ ታከለ ጋ ስደርስ እዘለዋለሁ።