የኦዲናሾ ጠጠሮች

ቦቦ ኦዲናሾ (ሽማግሌን ቦቦ እንላለን) ፀሐይ ቆጣሪ ነበሩ። አባታቸውም ቆጥረዋል፣ አያታቸውም ቆጥረዋል። በኛ ሸለቆ የጸደይን ቀን የምንቆጥረው በሰው አካል ነው፤ ብርዱ ሲሰበር ፀሐይ በሰው እግር ጥፍር ትገባለች። ሦስት ቀን ጥፍር፣ ሦስት ቀን ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ጉልበት፣ ጭን፣ እምብርት እያለች ወደ ላይ ትወጣለች። ጉልበት ስትደርስ እናርሳለን። ልብ ስትገባ ደግሞ የተራራው ማለፊያ በር ይከፈታል፤ በረዶው ጠዋት ጠዋት ሰው ይሸከማል፣ ወንዙም ገና ጎድሎ ነው። ሦስት ቀን መሄጃ፣ ሦስት ቀን መመለሻ ይገኛል። ከልብ ትከሻ፣ ከትከሻ ጉሮሮ ነው። ጉሮሮ ከገባች በኋላ ግን በረዶው ይናዳል፣ ውሃው መንገዱን ይውጣል፣ ሰው እስከ አጨዳ ድረስ ባለበት ይቀራል።

ሽማግሌው በየማለዳው በራቸው ላይ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ተቀምጠው ፀሐይ ከየትኛው ጫፍ እንደምትወጣ ያያሉ። ከዚያ ገብተው ከምሰሶው ጎን ባለው መደርደሪያ ላይ ከተቦረቦሩት ሁለት ጉድጓዶች አንዲት ጠጠር ከቀኙ አንስተው ወደ ግራው ይጥላሉ፤ በግራ ያሉት ያለፉት ቀናት ናቸው። ደመና ቢሆን፣ አቧራ ቢሆን፣ ጠጠሯ አትቀርም።

የእጃቸው ጣቶች ቆልማማ ነበሩ፣ ቀልድ አይችሉም፣ ሲናደዱ ጺማቸውን ያኝካሉ። ባሌ ቃዳም ደግሞ እሳቸውን ሳይነካ ማደር አይችልም ነበር።

«ቦቦ፣ ፀሐይቱ ዛሬ የት ናት? ብብትዎ ውስጥ ገባች እንዴ?»

«አንተ ሆድ ውስጥ ናት። ባዶ ቤት ስታገኝ ምን ታድርግ!» አሉት አንድ ቀን፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። በሕይወታቸው የቀለዱት ያንን ብቻ ይመስለኛል።

ሆዳችን እውነትም ባዶ ነበር። በዚያ ዓመት ያለፈው ገብስ ሳይደርስ ውርጭ መትቶት ስለነበር፣ ከቱት ዛፍ ፍሬ አድርቀን የምንፈጨው ዱቄታችንም ሳይቀር ቀድሞ አለቀ። ሣር ቀቅለን በጨው በላን። የመጀመሪያ ልጄ ሾዲ አምስት ወሩ ነው፤ ጡቴ ደርቆ እየጎተተ ያለቅሳል፣ በኋላማ ለማልቀስም አቅም አጣ። የነበረን ተስፋ አንድ ነው። የኦዲናሾ ሚስት ወንድም ከበሩ ማዶ ይኖራል፣ ገብስ ሞልቶታል። በኛ ዘንድ አጎት የእህቱን ልጅ ባዶ እጇን አይመልስም፤ ነውር ነው። ስለዚህ የኦዲናሾ ብቸኛ ልጅ፣ ጓደኛዬ ሳብዛጉል፣ ከቃዳምና ከሌላ አንድ ሰው ጋር ትሄዳለች። ፀሐይ ልብ እስክትገባ ብቻ ነበር የምንጠብቀው።

ያኔ ነው ከበሩ ጀርባ ካለው በረሃ አቧራው የመጣው። ተራራው ጠፋ፣ ሰማዩ የደፈረሰ ውሃ መሰለ፣ ጥርሳችን መሃል ሳይቀር አሸዋ ገባ። አቧራው በገባ በሁለተኛው ቀን የኦዲናሾ ሚስት ሞተች። ድርሻዋን ለልጇ እየሰጠች፣ በልቻለሁ እያለች ነው የሞተችው።

በሦስተኛው ሌሊት ለሟች መብራት ስለሚበራ ቤቱ መጽዳት ነበረበት፤ ሴቶቹ ሥራውን ተካፈልን። መደርደሪያው ለኔ ደረሰኝ። አቧራው ጣት ያህል ተኝቶበታል። ሾዲ ጀርባዬ ላይ ይነጫነጫል፣ እኔም ራሴን ያዞረኛል። ጠጠሮቹን ከሁለቱም ጉድጓድ አፈስኩና አቧራውን ጠረግኩ፤ ከዚያ ሁሉንም አንድ ጉድጓድ ውስጥ መለስኳቸው። እጄን ከማንሳቴ ያጠፋሁት ገባኝ። የቱ ከየት እንደነበረ አላውቅም። ዞር ብዬ አየሁ፤ ማንም አላየኝም። ግማሽ የሚመስለኝን አንስቼ ወደ ሌላው ጉድጓድ ጨመርኩና ምላሴን ዋጥኩ።

ሽማግሌው ከሐዘን ሲነሱ ጠጠሮቹን ለረጅም ጊዜ ሲያዩ አየኋቸው። በጣታቸው ቆጠሩ፣ እንደገና ቆጠሩ። ስንት ቀን እንደተቀመጡ ራሳቸውም አያውቁም፤ ሐዘንተኛ ምን ቀን ይቆጥራል? ለመጠየቅ ያፍራሉ፤ ፀሐይ ቆጣሪ ሰው ዛሬ ምን ቀን ነው ብሎ ማንን ይጠይቃል? እኔም ለመናገር ፈራሁ። እንዲህ ሆነን፣ ሁለት ዝምተኞች፣ በየማለዳው እጅ እንነሳሳ ነበር።

«ቦቦ፣ አልደረሰም?» ይላል ቃዳም። ቀልዱ ጠፍቶ ነበር።

«እምብርት ናት። ታገስ።»

«ልጄ እየሞተብኝ እኮ ነው!»

«በረዶው ሳይጠነክር ብልክህ አንተም ትሞታለህ። ታገስ አልኩህ!»

ታገስን። አንድ ቀን ማታ አላስቻለኝም፣ ሾዲን ታቅፌ በራቸው ላይ ቆምኩ። ልጁን አዩት። አንገቱ እንደ ገለባ ቀጥኗል። ጺማቸውን አኘኩ።

«ነገ ልብ ትገባለች፣ ኒሶ። ጎህ ሳይቀድ ይውጡ» አሉ።

በማግስቱ በጨለማ ሸኘናቸው። ሳብዛጉል አባቷን ትከሻቸውን ስማ «አባዬ፣ በስድስተኛው ቀን ቂጣ ትበላለህ» አለች። ጥቂት ቆይቶ ንፋስ ተነሣ፤ ስንት ማለዳ የከበበን አቧራ በአንድ ጊዜ ተጠርጎ ሄደ። ተራራው ወለል አለ። ደስ አለኝ፣ እልል ልል አፌን ከፈትኩ። ሽማግሌው ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ምሥራቅ ያያሉ። ሁለት ሹል ጫፎች አሉ፤ ጥርሶቹ እንላቸዋለን። ልብ ስትሆን ፀሐይ በመጀመሪያው ጥርስ፣ ትከሻ ስትሆን በሁለተኛው ትወጣለች።

ፀሐይ ከሁለተኛውም ጥርስ አልፋ ወጣች።

«ጉሮሮ» አሉ። ከዚያ ያንን የማልረሳውን ነገር አደረጉ፤ በሰባ ዓመታቸው ሮጡ።

ሾዲን ለጎረቤት አስይዤ ተከተልኳቸው። ይወድቃሉ፣ ይነሣሉ፣ እጃቸው ደምቷል። «ይመለሱ፣ እኔ እሄዳለሁ!» ብላቸው አይሰሙም። «ልጄን፣ ልጄን» ብቻ ይላሉ። አሥር ጊዜ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። አሥር ጊዜ ዘጋሁት።

መሻገሪያው ጋ ስንደርስ ፀሐይ አናት ላይ ናት። ጠዋት እስከ ጉልበት ብቻ የነበረው ውሃ ቡናማ ሆኖ ድንጋይ እያንከባለለ ይጮሃል። ሦስቱ ማዶ ናቸው፣ የረጠበ ልብሳቸውን ድንጋይ ላይ አስጥተዋል። ተሻግረዋል፤ መመለሻ ግን የላቸውም። ሽማግሌው ጮሁ፣ እኔም ጮህኩ። ውሃው ድምፃችንን በላው። ቃዳም እጁን ያወዛውዛል፣ ልንሸኛቸው የመጣን መስሎታል።

ሳብዛጉል ግን አባቷን ታውቃለች፣ ለስንብት እንደማይሮጡ ታውቃለች። ወደ ውሃው ጠርዝ ወረደች። ትኩር ብላ አየቻቸውና መዳፏን ደረቷ ላይ አደረገች። ልብ አይደለችም ወይ? ማለቷ ነው።

ሽማግሌው ቆሙ። እጃቸውን ልባቸው ላይ ቢያደርጉ ማንም አያውቅባቸውም ነበር፤ በሩ ላይ በረዶ ቢናድ እግዜር ያመጣው ይባል ነበር። የደማ እጃቸውን አነሡ። ጉሮሯቸውን ያዙ። ሳይለቁት ቆዩ።

ቃዳምም አየ። እጁን ማወዛወዝ ተወ።

ሳብዛጉል አንገቷን ነቀነቀች፣ ተረድታለች። በቀን በሩን አልሞከሩም። ብርዱ በረዶውን እስኪያስረው ጠብቀው በሌሊት ተሻገሩ፣ ሦስቱም በሕይወት ደረሱ። ገብሱን ይዘው የመጡት ግን በአጨዳ ነው። እኛ የራሳችንን ቡቃያ እስክናጭድ ሣር በላን።

ቃዳም ሲመለስ ልጁን አላገኘም። ሾዲን የቀበርነው እሱ በሄደ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው።

መንደሩ ኦዲናሾን ጣላቸው። ጠጠራቸውን ወንዝ ውስጥ አስጣሏቸው፣ ልጆች ጉሮሯቸው ላይ እጃቸውን እያደረጉ ይቀልዱባቸው ነበር። በሾዲ ቀብር ዕለት ማንም አጠገቡ ስላላስቀመጣቸው ከአጥሩ ውጭ ቆመው ዋሉ። ሰው ሲበተን ወደ እኔ መጡና ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ኒሶ ልጄ፣ ቁጥሩ የጠፋብኝ እኔ ነኝ። ልጅሽን የገደልኩት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ» አሉኝ።

መሬት መሬት አየሁ። ጥፍሬ ሥር ያለው አፈር የልጄ ነው። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ፤ ሌላ ጊዜ አልነበረም።

«ይቅር ብዬዎታለሁ» አልኳቸው።