የእብዱ ምስክርነት

ነቀምቴ ውስጥ ወጣቶች ሻይ ቤት ተቀምጠው «ሃይማኖት የሌለው ሰው ደግ ይሆናል? አእምሮው የታመመስ?» እያሉ ሲከራከሩ ፍርዱን ለእኔ ይተዋሉ። አልተሳሳቱም፤ ትምህርት ቤት ሳልገባ በራሴ ያነበብኩትን ያህል ያነበበ በከተማው የለም። እኔ ግን የምነግራቸው ልጅነቴን ያሳለፍኩባትን የሲሬን የዛፍ ሥር ሸንጎ ነው።

ያኔ ገና ጎረምሳ ነበርኩ። ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን በቆሎዋን፣ የዓመት ቀለቧን፣ ከብት በላባት። የተጠረጠሩት በሬዎች ባለቤት የጸሎት ቤታችን ዘማሪ ነበር። በሸንጎው ፊት መጽሐፍ ቅዱስ ላይ እጁን ጭኖ «በሬዎቼ ታስረው ነው ያደሩት» ብሎ ማለ። አየሁ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ብቻውን እያወራ በገበያ የሚዞር፣ ጸሎት ቤት ረግጦ የማያውቅ፣ በየቀኑ ዘማሪው ቤት ምሳ እየበላ የሚኖር።

«እብድ ደግሞ ይመሰክራል?» ብለው ሽማግሌዎቹ ሳቁ።

«ማየቱን ጠይቁት እንጂ ማበዱ ምን አደረጋችሁ!» አልኩ። ከእኔ በቀር ይህን ያሰበ አልነበረም።

እብዱ ወደ ዘማሪው ዞረ። «ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ እንጀራህን በልቻለሁ። በሬዎችህም በቆሎዋን በልተዋል» አለው።

ሳቁ ቆመ። ዘማሪው «እውነቱን ነው» አለ። ከራሱ ጎተራ ቀለቧን ሰጣት።

እንዲያ ያለ ሸንጎ ዛሬ ይናፍቀኛል። ከሁሉ የሚናፍቀኝ ግን የማግስቱ ቀን ነው። እብዱ ዳር ዳር እያለ ለምሳ ሲመጣ ዘማሪው ወጥቶ «ግባ» አለው።