ባጃጇ ቆማ ልቤ ሲሮጥ

ባጃጅ መንዳት ስጀምር በሸዋ ሮቢት በእኛ ተራ ላይ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ሽንኩርት ነጋዴ ነበርኩ፤ ከቀወት ወረዳ ገበሬዎች ማሳ ላይ እየገዛሁ መንገድ ዳር ለሚቆሙት የጭነት መኪኖች አስረክብ ነበር። ባጃጇን የገዛሁት ከዚያ ሥራ ባጠራቀምኩት ገንዘብ ነው። ወንዶቹ መጀመሪያ ሳቁብኝ፣ ቀጥሎ ለመዱኝ፣ የገበያ ቀን እናቶች እኔን መርጠው መሳፈር ሲጀምሩ ደግሞ ዝም አሉ። ጢማቸውን ሂና የሚቀቡት ተራ አስከባሪያችን ብቻ "የኔ ልጅ፣ በርቺ" ይሉኝ ነበር።

በሥራው ስደላደል ሰውነቴ ይከዳኝ ጀመር። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ተወልጄ ያደግኩበት ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሰው ሁሉ ጥላ ሥር ተረጋግቶ ሲቀመጥ እኔ በላብ እጠመቃለሁ። ከወትሮው ይበልጥ እበላለሁ፣ ቀሚሴ ግን በየጊዜው ይሰፋኛል። መሪ ስይዝ ጣቶቼ ይንቀጠቀጣሉ። እናቴ "ዓይን ነው ያገኘሽ፤ አገር ምድሩ እያየሽ" ብላ የሰፈራችን ሼኽ ዘንድ ወሰደችኝ። ሼኹ ቁርኣን ቀርተውልኝ ዱዓ ካደረጉ በኋላ ወደ እናቴ ዞረው "እኛ የኛን አድርገናል፤ አሁን ሐኪም ያያት" አሏት። "እሺ" ብለን ወጣን፤ ግን የገበያ ቀን ደርሶ ስለነበር ሐኪሙን ለሚቀጥለው ሳምንት አልኩ።

በዚያው ሰሞን ጉንፋን ያዘኝ። አፍንጫዬ ድፍን ብሎ መተንፈስ ሲያቅተኝ አንዲት ጎረቤታችን ከራሷ የተረፋትን የጉንፋን ክኒን ሰጠችኝ። ዋጥኩት። ወዲያው አፍንጫዬ ተከፈተ፤ ደስ ብሎኝ ሥራ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ አንድ አዛውንት ከገበያ ወደ መንደራቸው አሳፍሬ ስሄድ፣ ማሽላው ግራና ቀኝ በቆመበት ጥርጊያ መንገድ ላይ ልቤ ተነሳ። መምታት አልነበረም፤ ደረቴን ሰንጥቆ የሚወጣ ነው የመሰለኝ። ጆሮዬ ውስጥ ሳይቀር ይሰማኛል። ባጃጇን ወደ ዳር አወጣሁ።

"ነዳጅ አለቀ?" አሉኝ አዛውንቱ።

"ነዳጅስ አለ፣ አባባ። ልቤ ነው።"

ወርደው የእጄን አንጓ ያዙ። ፊታቸው ተለወጠ። ከግራር ጥላ ሥር አስቀምጠውኝ ስልካቸውን አወጡና ቁጥሩን ከኔ ጠይቀው ተራ አስከባሪው ዘንድ ደወሉ። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጠው "ላ ኢላሃ ኢለላህ በይ፣ ልጄ" አሉኝ።

ደነገጥኩ። "ልሞት ነው እንዴ፣ አባባ?"

"ለሞት ብቻ ነው ያለሽ ማነው? እኔ ጠዋት ማታ እለዋለሁ፤ ይኸው አለሁ።"

በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሳቄ መጣ። እሳቸውም ሳቁ። ከተራችን አንዱ ሹፌር ደርሶ ሆስፒታል ሲያደርሰኝ ዕቃቸውን ትተው እስከ በሩ አብረውኝ መጡ።

ያየችኝ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ልቤን ከማዳመጧ በፊት ዓይኖቼን ትኩር ብላ አየች። ውሃ ሰጥታኝ ስውጥ ጣቶቿን አንገቴ ላይ አሳረፈች።

"እንቅርት እንዳለብሽ የነገረሽ የለም?"

"እንቅርት? ምንም አላበጥኩም እኮ።"

"ትንሽ ነው፤ ሥራው ግን ብዙ ነው። ከሚገባው በላይ ሆርሞን ያመርታል። የምትከሺው፣ የምታልቢው፣ እጅሽ የሚንቀጠቀጠው በሱ ነው።" ቀጠለችና "ዛሬ የወሰድሽው መድኃኒት አለ?" አለችኝ።

የክኒኑን ባዶ ማሸጊያ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። አንብባ ራሷን ነቀነቀች። ወንበሯን ጎትታ ቁጭ አለችና ለልጅ እንደሚያስረዱ አስረዳችኝ። ስንደነግጥ ወይም ስንሮጥ ሰውነታችን አድሬናሊን ይረጫል፤ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ሥሮች ይጠብባሉ፣ ግፊት ይጨምራል። የወሰድኩት ክኒን የዚያው ዘመድ ነው። የአፍንጫን የደም ሥር ስለሚያጠብ እብጠቱ ይቀንስና ትንፋሽ ይከፈታል።

"ግን ክኒኑ አፍንጫን ብቻ መርጦ አይሠራም" አለችኝ። "ሌላውንም የደም ሥር ያጠባል፤ ልብንም ያስሮጣል። ያንቺ ልብ ደግሞ በእንቅርቱ ምክንያት ድሮም እየሮጠ ነበር።"

የልቤን ምት በማሽን አንስታ ካየች በኋላ አስም እንዳለብኝ ጠየቀችኝ። እንደሌለብኝ ስነግራት ፕሮፕራኖሎል የሚባል ክኒን አዘዘችልኝ። አድሬናሊን ልብን የሚያስሮጥበትን በር ይዘጋል አለችኝ፤ አስም ላለበት ሰው ግን የሳንባውን ቧንቧ ሊያጠብበት ስለሚችል ነው የጠየቀችኝ። ድንገት እንዳላቋርጠው፣ እንዳያዞረኝም ከተኛሁበት በዝግታ እንድነሳ አስጠነቀቀችኝ። እንቅርቱን ራሱን የሚያክመው መድኃኒት ሌላ ነው፤ እሱ ጊዜ ይፈልጋል። ለእሱ የሚያስፈልገውን የደም ምርመራ እንዳደርግ ደብረ ብርሃን ላከችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ስነቃ ቤቱ ጸጥ ያለ መሰለኝ። ቆይቼ ነው የገባኝ፤ ጸጥ ያለው ደረቴ ነበር። እናቴን ጠርቼ እጇን ደረቴ ላይ አደረግሁላት። ረጅም ጊዜ ያዘችውና "አልሐምዱሊላህ" ብላ አለቀሰች።

እስክድን አትነጂ ስለተባልኩ ባጃጇ ግቢ ውስጥ ቆመች። ይህን ያየ አንድ ደላላ ቤታችን መጣ። "የሴት ልብ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ዋጋዋ ሳይወርድ ሽጧት" ይላል። እናቴም ፈርታ ስለነበር ወደኔ አየች።

"በሽታው የእንቅርት ነው፤ የሴት አይደለም" አልኩት። "ባጃጇ አትሸጥም።" ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

የደም ምርመራው ውጤት ሲመጣ የእንቅርቱ መድኃኒትም ታዘዘልኝ፤ ሁለቱንም በሰዓቱ እየዋጥኩ በየቀጠሮው ተመላለስኩ። ቀስ በቀስ ሥጋዬ ተመለሰ፣ ላቤም ቆመ። ያን ጊዜ ሐኪሟ እጄን አዘርግታ ጣቶቼ ላይ ወረቀት አስቀመጠች። ወረቀቱ ንቅንቅ አላለም። የደሜን ውጤት አይታ ፕሮፕራኖሎሉን በጥቂት በጥቂቱ ቀነሰችልኝ፣ በኋላም አስተወችኝ። የእንቅርቱን መድኃኒት ግን ቀጠልኩ።

"አሁን መንዳት ትችያለሽ" አለችኝ። ከሆስፒታሉ በር እስከ ዋናው አስፋልት የሄድኩት በእግሬ ይሁን በክንፌ አላውቅም።

ተራ ላይ ስደርስ ወንዶቹ ጡሩምባቸውን ባንድ ላይ አስጮኹት። ደግሞ ወዲያው የሚያስደስት ሥራ መጣልኝ። በዚያው ሳምንት የአንዲት ሙሽራ እናት ተራ አስከባሪውን "ልጄን ሴት ሹፌር ትውሰድልኝ" ብላ ጠየቀች። እሳቸውም ወደኔ ጠቆሙ። ባጃጇን በአበባና በሪባን አስጌጥን። እኔ ሙሽራዋን ይዤ ከፊት፣ የተራችን ወንዶች ሚዜዎቹን ጭነው ከኋላዬ፣ በከተማው መሃል አለፍን። ሰው ከየሱቁ እየወጣ ያጨበጭባል። በሙሽራው ደጅ ስንደርስ እልልታው ቀለጠ፤ ሙሽራዋ ከመውረዷ በፊት ትከሻዬን ይዛ "እንዴት ደስ ይላል አነዳድሽ" አለችኝ።

ከሠርጉ በኋላ ሁለት የሰፈራችን ልጃገረዶች መንዳት አስተምሪን ብለው ቤቴ መጡ። ዛሬ ሁለቱም እኛ ተራ ላይ ይሠራሉ።